በፈትያ በረንዳ ላይ የቆመው ጆሮ

ነገሩ የሆነው አምና ግንቦት ላይ ነው። ዓመት ቢያልፈውም፣ ዛሬም ከሆነ ቤት የትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ስሰማ ፊቴ ይግላል። ቀናተኛ መሆኔን ድሮም አውቀዋለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንቺ እኮ ሰው አስነጥሶት 'ይማርህ' ሲባል እንኳ ትቀኛለሽ" ትለኝ ነበር። ግን ቅናት ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሳል ብዬ አላስብም ነበር።

የምንኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ባለቤቴ ጌታቸው አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ማሽን ላይ ይሠራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ታጥቦ፣ በልቶ፣ እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል። እሱ ሲተኛ እኔ ግቢ ውስጥ ሳምቡሳ እሠራና ለሁለት ሻይ ቤቶች አስረክባለሁ። የኔን የሰታቴና የትሪ ኳኳታ ለምዶታል። እንዲያውም ዝም ያልኩ ቀን ነው የሚነቃው።

ከጎረቤቴ ከፈትያ ጋር የሚለየን አንድ የብሎኬት አጥር ነው። የሷ በረንዳ አጥሩን ተደግፎ ነው የተሠራው፤ በወዲህ በኩል ደግሞ የኛ የመኝታ ቤት መስኮት አለ። ፈትያ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ወደ ስድስት ሰዓት ሱቋን ዘግታ ትገባና ቀትር ላይ ሴቶቹ ጓደኞቿ በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ። ከቡና ገለባና ከወተት ሆጃ ይፈላል፣ በሦስት ቋንቋ ይወራል፣ ይሳቃል። ለአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። እኔም ሳምቡሳዬን አስረክቤ ስመለስ እዚያው ፍራሽ ላይ ጎኔን አሳርፍ ነበር።

ከሁለታችን ቤት ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ መቆፈር ተጀመረ። መሬቱ ድንጋይ ሆነባቸው። ድንጋይ የሚሰብር ማሽን አመጡ። ሰዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ የድሬን ቀትር አያውቁትም። እዚህ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ይተኛል። ለኛ ያ ሰዓት ሌሊት ነው። እነሱ ግን "ሰዉ ሥራ ላይ ስለሆነ አይረበሽም" ብለው ዋናውን ስበራ ያደረጉት በዚያ ሰዓት ነበር። ግድግዳው ይርገበገባል፣ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጌታቸው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ይይዛል።

ሰፈሩ ጮኸ። አንድ ቀን ሥራ ተቋራጩ፣ አቶ ሙሉጌታ የሚባል ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ላከ። ሥራው የድምፅ ቁጥጥር ነው። ማን ታሟል፣ ማን ቀን ይተኛል፣ ሕፃን ያለው ማን ቤት ነው እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ማዕዘኑ ላይ ላለው ክሊኒክ አንድ የድምፅ መለኪያ ተከለ፤ ለኛ ሰፈር ደግሞ አንድ። እሱ ሲመጣ እኔ ሳምቡሳ ላስረክብ ወጥቼ ነበር። ስመለስ መሣሪያው ፈትያ በረንዳ ላይ ቆሟል።

ባለ ሦስት እግር ነው። አናቱ ላይ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰች ትንሽ ጭንቅላት አለችው። ሰፈሩ ወዲያው "ጆሮው" ብሎ ስም አወጣለት።

በሳምንቱ አቶ ሙሉጌታ የመሣሪያውን ንባብ በወረቀት ይዞ ከሕንፃው መሐንዲስ ጋር ተነጋገረ። ድምፁ ከተፈቀደው በላይ ስለነበር፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ማሽኑ እንዲቆም ተወሰነ፤ ጆሮው ግን የውሳኔው ማረጋገጫ ንባብ እስኪሟላ እዚያው ቀረ። በመጀመሪያው ቀትር ሰፈሩ ፀጥ ሲል እልል ማለት የቃጣቸው ሴቶች ነበሩ። ግን ምስጋናው ሁሉ ወዴት ሄደ? ወደ ፈትያ። "የፈትያ በረንዳ ማሽኑን ዝም አሰኘው።" "ፈትያ ባትኖር ኖሮ።" ዳቦ ልገዛ ስወጣ ፈትያ፣ ባጃጅ ስሳፈር ፈትያ።

እኔን አቃጠለኝ። ቀን የሚተኛ ባል ያለኝ እኔ፣ በማሽኑ የተሠቃየሁት እኔ፣ ጆሮው እሷ ጋ! እሷ ቤት ቀን የሚተኛ ማን አለ? ድመቷ።

ይባስ ብሎ ጌታቸው አንድ ቀን በአሥር ሰዓት ተነሥቶ እየተንጠራራ፣ "ፈትያ ትባረክ፣ ዛሬ እንደ ሰው ተኛሁ" አለ። አንሶላውን የማነጥፍለት እኔ፣ ቬንትሌተሩን የማዞርለት እኔ፣ በር ላይ ቆሜ ዶሮ የማባርርለት እኔ። ለእንቅልፉ የምትመረቀው ግን ሌላ ሴት! ሻዩን ፊት ለፊቱ አስቀምጬ ያለ ስኳር ተውኩት።

ሌላም ነገር ነበር። ጆሮው ከመጣ ወዲህ ፈትያ ተለወጠች። ሴቶቹ መምጣት አቆሙ። ሆጃው ቀረ፣ ሳቁ ቀረ። ቀትር ላይ በሩን ትዘጋለች። አንድ ቀን ባንኳኳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ማታ ነይ እህቴ፣ አሁን አይሆንም" ብላ በሹክሹክታ መለሰችኝ። አይ ፈትያ፣ ኮራሽ አልኩ በሆዴ። አንድ ሦስት እግር ያለው ብረት አግኝታ ባልንጀሮቿን በር ዘጋችባቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ይህን ነው።

አቶ ሙሉጌታ አንድ ጊዜ በሰፈሩ ሲያልፍ፣ መሣሪያው ቤት ውስጥ የሚሠራ ድምፅ ከበዛበት ቦታው እንደሚቀየር ነግሮኝ ነበር። ቦታው ቢቀየር ወዴት ይመጣል? ወደኔ ነዋ። አንዲት መዳፍ የማታክል ሬዲዮ አለችኝ። ብሎኬቱ አጥር ላይ፣ ልክ ከጆሮው ጭንቅላት አንድ ስንዝር የሚርቅ ቀዳዳ አለ። ጌታቸው ሲተኛ ሬዲዮዋን ድምፅ ቀንሼ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ወተፍኳት። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማትም። ለጆሮው ግን ጆሮው ሥር የሚዘፍን ሰው ማለት ናት። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አወጣታለሁ። አራት ቀን እንዲህ አደረግሁ።

በአምስተኛው ቀን አቶ ሙሉጌታ መጣ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማኛል።

"ወይዘሮ ፈትያ፣ ማሽኑ በቆመበት ሰዓት መሣሪያው ሬዲዮ ሲሰማ ነው የዋለው። አራት ቀን ሙሉ። የማን ነው?"

ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"የኔ ነው አቦ" አለች። "ሰው አይመጣ፣ ሰለቸኝ። ምን ላድርግ ታዲያ?"

ለምን እንደዋሸች አልገባኝም። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ ያፈርኩ አይመስለኝም። ደስ ነው ያለኝ። ተዋረደች አልኩ።

አቶ ሙሉጌታ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ነው የተናገራት። ንባቡ ተበላሽቷል፣ መሣሪያውን አነሣዋለሁ፣ አዲስ ቦታ ተተክሎ ንጹሕ ንባብ እስኪገኝ ድረስ መሐንዲሱን አቁም ለማለት ማስረጃ የለኝም አላት። ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ጆሮው አጥር ተሻግሮ ወደኔ ሲመጣ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

በማግስቱ ልክ በስድስት ሰዓት ማሽኑ ተነሣ። በመቆሙ የጠፋውን ጊዜ ሊያካክስ ይመስል ነበር የሚሰብረው። ጌታቸው አልጋው ላይ ተገላበጠ፣ ጆሮዎቹ ውስጥ ጥጥ ከተተ፣ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። አልሆነም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ዓይኑ ቀላ። ምሳውን ሲበላ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ያንቀላፋል። ማታ ሲወጣ "እግዚአብሔር ይጠብቅህ" አልኩት። አፌ እንዲህ ቢልም ልቤ ማን ምን እንዳደረገው ያውቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ጌታቸው ሲወርድ የቀኝ እጅጌው እስከ ክርኑ ተቀዷል፣ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ" አለኝ። "ማሽኑ እጅጌዬን ያዘው። ጓደኛዬ ባያጠፋው ኖሮ እጄ አብሮ ሄዶ ነበር። አሁን ሁለት ጥፍር ብቻ ነው የሄደው፣ አትደንግጪ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጁን ያገላብጥ ጀመር። እኔ ጫማውን እፈታለሁ፤ ክሩን ማግኘት አቃተኝ። ፈትያ ድምፅ ሰምታ እየሮጠች ገባች። "ጌቾ ወንድሜ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እጅህ አለ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለች ታለቅሳለች። እኔን አላየችኝም። ወይም ላለማየት ተጠንቅቃ ይሆናል።

በማግስቱ አቶ ሙሉጌታ መሣሪያውን ተሸክሞ የኔን በር አንኳኳ። የተመኘሁት መጣ። ግቢዬ ውስጥ አስገብቼው ወንበር ሰጠሁት። ቅጽ እየሞላ፣ "እዚህ ግቢ ውስጥ ቀትር ላይ ድምፅ አይፈቀድም፤ ከአጥሩ አጠገብ ማድቤት፣ እጥበት፣ እንግዳ፣ ሁሉም ይቀራል" አለኝ።

"ሳምቡሳዬስ?" አልኩት።

"እሱን ብላ እኮ ነው ወይዘሮ ፈትያ መጀመሪያውኑ የከለከለችኝ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። የፊተኛውን ቅጽ ከቦርሳው አወጣና አሳየኝ። መሣሪያው የሚቆምበት ምክንያት ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ላይ "ከአጥሩ ባሻገር አራት እርምጃ ላይ የሌሊት ሠራተኛ ይተኛል" ይላል። ጆሮው የቆመው ለጌታቸው ነበር። አቶ ሙሉጌታ መጀመሪያ ከኛ ግቢ ሊያቆመው ፈልጎ ፈትያን ሲጠይቃት፣ "እዚያ ካቆምከው ሴትዮዋ ሥራ ትፈታለች። ባሏ ሲተኛ ነው እንጀራዋን የምታበስለው። እኔ ጋ ይሁን፤ እኔ ዝም እላለሁ" ብላዋለች።

ዝም አለችም። ሴቶቹን ያስቀረችው ለዚያ ነው። በሩን የዘጋችውም፣ በሹክሹክታ የመለሰችኝም ለዚያ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት የቀትር ጨዋታዋን ለኔ ባል እንቅልፍ ዘግታው፣ እኔ ኮራች እላታለሁ።

አቶ ሙሉጌታ ሲወጣ ነጠላዬን አደረግሁና ፈትያ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ ጨርቅ ታጥፋለች። ሬዲዮዋን ከጉያዬ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኳት።

"እሷን ደግሞ ማን ያጣታል?" አለች። "ታይዋን ገበያ አብረን አይደል የገዛናት? ዋጋውን የተከራከርኩልሽ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን የኔ ነው አልሽ?"

ጨርቁን ማጠፏን አላቆመችም። "ምን ልበለው? ጆሮው የቆመለት ሰው ሚስት ናት ልበለው? ወላሂ ሰፈር ውስጥ እንዴት ትወጪ ነበር?" ቀጥላም፣ "ተቆጥቼብሻለሁ፤ አልዋሽሽም። የጌቾን እጅ ያየሁ ቀን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱን መንገር የኔ ፋንታ አይደለም፤ ያንቺ ነው" አለችኝ።

ጆሮው ከኛ ግቢ በቆመበት ሳምንት ሳምቡሳዬን የሠራሁት በፈትያ ማድቤት ነው፤ የሷ ማድቤት ከቤቱ ወዲያኛው ጎን ስለሆነ ድምፁ አይደርስም። ራሷ ናት "ነይ ግቢ" ያለችኝ። ንጹሕ ንባብ ተገኘ፤ ማሽኑ ቀትር ላይ እንደገና ቆመ። የጌታቸው ጥፍሮችም ትንሽ ጠምመው በቀሉ። ሕንፃው አሁን አምስተኛ ፎቁ ላይ ደርሶ ከሰዓት በኋላ ለሁለታችንም ግቢ ጥላ ይጥላል። ሴቶቹ ወደ በረንዳው ተመልሰዋል፤ እኔም ፍራሹ ላይ ቦታዬ አለ።

ከቅናት ድኛለሁ ብል ውሸት ነው። ባለፈው ወር ፈትያ አዲስ ፍሪጅ ስታስገባ ሆዴን ቆንጠጥ አድርጎኛል። ግን እንደዚያ ባደረገኝ ቁጥር ያቺ "የኔ ነው አቦ" ያለችበት ድምፅ ትመጣብኛለች፤ አፍሬ ሄጄ ፍሪጁን "በደስታ ተጠቀሚበት" እላታለሁ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ጌታቸው የዚያን ሳምንት ነገር ሲያነሣ እስከ አሁን የሚረግመው መሐንዲሱን ነው። ፈትያ ሰምታ ዝም ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ስንት ጊዜ ልነግረው ሻይ አፍልቼ ተቀምጬ፣ እነዚያን ጠማማ ጥፍሮች ሳይ ተነሥቻለሁ። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ጌታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ የዚህን ጋዜጣ የአንባቢያን ገጠመኝ ዓምድ ሳያነብ አይተኛም።

ጌታቸው፣ ሬዲዮዋ የኔ ነበረች።