አንድ የሰጡት እንግዶች

የሻሽወርቅ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለ መካከለኛ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የእንግዶች ጉዳይ ኃላፊ ናት። ቅሬታ የምትሰበስበው በዓይኗና በጆሮዋ ነበር። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ፊቱን ታይና "ምነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለዎት?" ትለዋለች። እሱም ስለ ትራሱ ወይም ማዶ ስለሚገነባው ሕንፃ ጩኸት ይነግራታል፤ እሷም ሄዳ ታስተካክላለች፣ ካልሆነላትም ይቅርታ ትጠይቃለች።

በ2007 ዓ.ም. ግን ሰፈሩ በየወሩ አዲስ ሆቴል ያበቅል ጀመር። ለሆቴሎች ኮከብ ሊሰጥ ነው የሚለው ወሬም ሥራ አስኪያጁን አቶ ተወልደብርሃንን እረፍት ነሳቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው አስጠሯት።

"ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ ከእንግዲህ የእንግዶችን አስተያየት በኢሜይል ነው የምንሰበስበው። ሶፍትዌር አስገብተናል። መጠይቁን እርስዎ ያዘጋጃሉ፤ እሱ ራሱ ይልካል፣ መልሱንም ራሱ ይደምራል።"

"እኔ ከኮምፒዩተር ጋር ብዙም አንግባባም እኮ፣ አቶ ተወልደ።"

"ከእንግዶቹ ጋር ግን ይግባባሉ። የመረጥኩዎት ለዚያ ነው።"

የተግባባችው ግን ከማንም ጋር አልነበረም። ሶፍትዌሩ ደብዳቤ መላክን "ካምፔይን" ይለዋል። የክፍል ማስያዣዋ ሠራተኛ ቲጂ "ዘመቻ ማለት ነው" ብትላት ይብስ ግራ ገባት። እሷ የምታውቀው ዘመቻ ደብተር ይዞ ገጠር ወርዶ ፊደል ማስቆጠር ነው። የኢሜይል አድራሻዎቹን ደግሞ እንግዶች በእጃቸው ከሞሏቸው ካርዶች ላይ መገልበጥ ነበረባት። "ይቺ ኤ ናት ወይስ ኦ?" እያለች ሁለት ቀን ቲጂን ሥራ አስፈታቻት።

በመጨረሻ መጠይቁ አለቀ። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ቁርሱ፣ ከአየር ማረፊያ ስለሚያመጣቸው ሹፌር፣ ስለ አቀባበሉና ስለ ጽዳቱ አምስት ጥያቄ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር። ከአንድ አጠገብ "በጣም ዝቅተኛ"፣ ከአምስት አጠገብ "በጣም ከፍተኛ" ብላ ጽፋ ነበር። በቲጂ ስልክ ሲሞክሩት ግን ሁለቱ ጽሑፎች ተደራርበው የማይነበብ ነገር ሆኑ። የሻሽወርቅ ቃላቱን አጠፋቻቸው።

"ቁጥር ማን ይጠፋዋል?" አለች፤ ላከችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርቱ ወጣ። አቶ ተወልደብርሃን ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት። በሹፌሩ በጉዲሳ ስም ሥር ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ቆመዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሃያ አራት ሰው አንድ ሰጥቶታል፣ ሃያ ስድስት ሰው አምስት። መሐል ላይ ምንም የለም።

"ስሞቹን ይመልከቱ" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "አምስት የሰጡት ከውጭ የመጡት ናቸው። አንድ የሰጡት በሙሉ የኛው ሰዎች። ይኼ ሰው ለፈረንጅ እየተሽቆጠቆጠ ወገኑን ይንቃል ማለት ነው።"

የሻሽወርቅ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። ጉዲሳ የለሚ ሰፈር ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እንግዳን በስሙ የሚጠራ፣ የልጆቹን ሁኔታ ሳይቀር የሚጠይቅ ሰው ነው። ሃያ አራት ሰው ግን ቀላል አይደለም። ሃያ አራት ሰው ተማክሮ አይዋሽም።

በማግስቱ ምክንያት ፈጥራ አብራው አየር ማረፊያ ሄደች። ጉዲሳ መጀመሪያ የአንዲት ነጭ አሮጊት ሻንጣ ተቀበለ፤ ቀጥሎ ከጎንደር የመጡ ሁለት ሰዎችን ዕቃ ጫነ። አሮጊቷን ያስቀደመው እርጅናዋን አይቶ ነው ወይስ ነጭነቷን? ከጎንደሮቹ ጋር እየሳቀ አወራ፤ እሱም ቢሆን አለቃ አጠገቡ ስለተቀመጠች ሊሆን ይችላል። እንደዚያ እያየችው ተመለሰች። ያየችው ሁሉ ለሁለቱም ወገን ምስክር የሚሆን መሰላት።

በዚያው ሳምንት ጉዲሳ ከእንግዶች መኪና ተነሥቶ ከአትክልት ተራ ዕቃ የሚያመላልሰውን መኪና እንዲይዝ ተወሰነ። ቢሮዋ ገብቶ ቆመ።

"እትዬ የሻሽ፣ ማንን ነው የበደልኩት? ስሙን ይንገሩኝና ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ።"

"አንድ ሰው አይደለም፣ ጉዲሳ" አለችው። "ብዙ ናቸው።"

ወጥቶ ሄደ።

አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ ወይዘሮ አልማዝ መጡ። ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ለስብሰባ ከደሴ በመጡ ቁጥር እዚህ ያርፋሉ። ገና ከበሩ ሲገቡ "ጉዲሳ የታለ? አመመው እንዴ?" አሉ።

የሻሽወርቅ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ስማቸውን ከቀዩ ዘንግ ሥር በገዛ ዓይኗ አይታዋለች።

"እርስዎ እኮ... ባለፈው በኢሜይል ስለ እሱ አንድ ነው የሰጡት።"

"አዎና! አንደኛ ነዋ! ከዚያ በላይ ምን ልስጠው?"

"አንድ ዝቅተኛው ነበር እኮ።"

"የት ተጽፏል?" አሉ ወይዘሮ አልማዝ። "ልጅሽ ከክፍል አንደኛ ወጣሁ ብሎ ሲመጣ ትቆጪዋለሽ?"

የሻሽወርቅ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። "ለቁርሱስ ለምን አምስት ሰጡ?"

"የቀዘቀዘ ሻይ አምጥተውልኝ! መጨረሻ ነው ያልኩት።"

ወጥ ቤቱ በዚያው በአምስቱ የተነሣ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶት ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

ያን ቀን ሙሉ አንድ ለሰጡት ደወለች። አቶ ዱባለ የተባሉ የጅጅጋ ነጋዴ "አንደኛ ሹፌር ነው" አሉ። መኩሪያ የተባለ መሐንዲስ ግን "አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ አስጠብቆኝ ነው፤ አንድም በዝቶበታል" አላት። አንዷ መጠይቁን መሙላቷንም አታስታውስም። ስምንቱ ስልክ አላነሱም። ወረቀቷ ላይ መስመር አስምራ የተመሰገነበትን በቀኝ፣ የተወቀሰበትን በግራ ስትጽፍ ዋለች፤ ከመካከል ደግሞ የትም የማይገቡት በዙ።

ለአቶ ተወልደብርሃን ይዛላቸው ገባች። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ የቱ አንድ ነው ጥሩው?"

"ከፊሉን አውቄያለሁ። የቀረውን አላውቅም።"

"ሶፍትዌሩስ አይነግረንም?"

"እሱ የተነገረውን ነው የደመረው። ቃላቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አቶ ተወልደብርሃን አልተቆጧትም። "የበየንኩት ግን እኔ ነኝ" አሉና ጉዲሳ ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ፈረሙ።

ጓሮ ስትደርስ የሽንኩርት ጆንያ ሲያወርድ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። ጆንያውን አስቀምጦ አዳመጣትና በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ።

"እነሱስ ቁጥር ነው የተምታታባቸው" አላት። "እርስዎ ግን አብረውኝ ሄደው አልነበር? ምን አዩ?"

"ጥሩ ነገር ነው ያየሁት" አለች። "ግን ያየሁትን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። ይቅር በለኝ።"

"እሺ" አለና ጆንያውን አነሣ።

ሰኞ ወደ አየር ማረፊያው መኪና ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ ሰላምታው አጭር ነበር፤ እሷም አልተጫነችውም። አንዳንድ ጠዋት መኪናው ሲወጣ መስኮቷ ጋ ቆማ ታየዋለች፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያይም።

አዲሱን መጠይቅ ያለ ቁጥር ሠራችው። "ተደስቻለሁ"፣ "ቅር ብሎኛል" የሚሉ ቃላት አስገባች፤ በግርጌው እንግዳው የልቡን የሚጽፍበት ባዶ ሳጥን። ከላከችው በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው መልስ መጣ። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው፤ ምርጫዎቹን ሁሉ ዘልሎ ሳጥኗ ውስጥ "ምንም አይልም" ብሎ ጽፏል።

"እያመሰገነ ነው" አለች ቲጂ።

"ወይስ ቅር ብሎት ለትህትና ነው?" አለች የሻሽወርቅ።

ካርዱን ፈልጋ የሰውየውን ስልክ ቁጥር አወጣች።