የጋሽ አሁን አዲስ መብራት

አናጢውን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ትንሹም ትልቁም «ጋሽ አሁን» ነው የሚላቸው። «ቁም ሳጥኔ መቼ ይደርሳል?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው «አሁን» ስለሆነ ነው። ይህ አሁን እንደ ሥራው ዓይነት ከሳምንት እስከ ክረምት ማብቂያ ሊረዝም ይችላል። እጃቸው የተባረከ ስለሆነ ግን ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ይጠብቃቸዋል።

የሚሠሩት ከቤታቸው ጎን ባለው የመኪና ማደሪያ ውስጥ ነው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም። መኪናው ሊያድር በሚገባው ቦታ እንጨት እያሽከረከረ የሚያከብበው ቶርኖ፣ የመጋዙ ጠረጴዛና የሰጋቱራ ክምር ሰፍረውበታል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ትልቁን በር ደግሞ ነፋሱ ሰጋቱራውን እያነሣ ሳሎን ስለሚያስገባ ባለቤታቸው ካስዘጉት ቆይተዋል። ስለዚህ ቀንም ሆነ ማታ ብርሃን የሚገኘው ጣሪያው ላይ ከተንጠለጠሉት ሁለት ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች ብቻ ነበር።

አምፖሎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው በልመና የሚኖሩ ነበሩ። ጫፍ ጫፋቸው ጠቁሯል፤ ቀኑን ሙሉ እዝዝ ይላሉ። አንደኛውማ ማብሪያውን በመጫን ብቻ አይበራም። ጋሽ አሁን በመጥረጊያው እንጨት ጎኑን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ ጥቂት ይርገበገባል፣ መልሶ ይተኛል፣ ሲደግሙት ይነሣል።

«ሕፃን ነው እንዴ፣ ጀርባውን ካልመቱት የማያገሳው?» ይላሉ ባለቤታቸው። እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌና ብርሃን ያውቃሉ።

«ምን አለበት፣ ዓይኔ ለምዶታል።»

«ዓይንህማ እኔንም ለምዶኛል። ድሮ ታየኝ ነበር።»

የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ኤሌክትሪሺያን ነው። ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ ያይና «ጋሼ፣ እነዚህን በኤልኢዲ ልቀይርልዎት» ይላል። «አሁን» ይሉታል። ትርጉሙን ስለሚያውቅ ወደ ምሳው ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጋሽ አሁን አንድ የጠረጴዛ እግር ቶርኖው ላይ አሰሩ። እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ነው። ሞተሩን አስነሡና መሮ ሊፈልጉ ዞር አሉ። ሲመለሱ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠርዞቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። የሞተሩም ድምፅ በዝናቡና በአምፖሎቹ እዝታ ተውጦ አይለይም። «ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ቆመ?» አሉና ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ይዘው አቧራውን ሊጠርጉለት እጃቸውን ሰደዱ።

እንጨቱ ጨርቁን መንጭቆ ወሰደባቸው። የጣታቸው ጫፍ ተላጠ። በሌላው እጃቸው ማጥፊያውን በደመ ነፍስ መቱትና ሰጋቱራው ላይ ዘፍ አሉ።

ባለቤታቸው ድምፅ ሰምተው ሲገቡ እንጨቱ የወጥ ቤታቸውን ጨርቅ እንደ ጥምጥም ጠምጥሞ አገኙት።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየወለወልኩት።»

«እሱ ነው እንጂ አንተን የወለወለህ።»

ከዚያ ደሙን አዩና ቀልዱ አፋቸው ላይ ቀረ። ቁስሉን አጥበው አሰሩላቸው። ጣታቸው ታስሮ ሲያበቃ ባለቤታቸው ስልክ አነሡና ወንድማቸውን «ነገ ጠዋት እዚህ ሁን» አሉት።

ወንድምየው መጥቶ ነገሩን ሰማ።

«ጋሼ፣ አምፖሉ ዝም ብሎ የበራ ይመስላል እንጂ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። ስለሚፈጥን ዓይን አይዘውም። እንጨቱ ሲሽከረከር፣ ብልጭ ባለ ቁጥር አንዱ ጎኑ የሌላውን ቦታ ይዞ ከተገኘ የቆመ ይመስላል።»

«እንግዲህ የዋሸኝ አምፖሉ ነው።»

«አምፖሉ ነው።»

ጋሽ አሁን ይህን ሰምታልኝ ይሆን ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው ግን «መሰላሉን ያዝለት» ብቻ አሉ።

ወንድምየው ከቆጣሪው ኤሌክትሪኩን አጠፋ። በካቻቢቴ የብረት ሽፋኑን ፈታ፣ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ለአምፖሉ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነውን ከባድ ባላስት አወጣና «እዝ ሲል የኖረው ይሄ ነው» ብሎ አቀበላቸው። ገመዱን እንደ አዲስ አገናኝቶ ኤልኢዲዎቹን ገጠመ። ከቶርኖው በላይም አንድ ጨመረ። ጋሽ አሁን መሰላሉን እንደያዙ ከታች ምክር ይለግሳሉ።

«አጥብቀው።»

«ጠብቋል ጋሼ።»

«አላመንኩትም፣ ድገመው።»

ማብሪያው ሲጫን ክፍሉ በአንዴ ቦግ አለ። እዝታም የለም። ጋሽ አሁን ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። የሸረሪት ድሩን አዩ። ዓይናቸው ጥጉ ላይ ወዳለ አንድ ወንበር ሄደ፤ ለጎረቤታቸው ለጡረተኛዋ መምህርት ከሠሯቸው ወንበሮች የተረፈ ነው።

«ይሄን ወንበር ምን ነካው?»

«ምንም» አሉ ባለቤታቸው።

«እግሩ ቀይ ነው። መደገፊያው ቢጫ ነው።»

«የመምህርቷም እንደዚያው ናቸው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሆን ብለህ ያደረግከው መስሎን ነው። ፋሽን ነው ብለን ተቀመጥንበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአሮጌዎቹ አምፖሎች ሥር ሁለቱ ቀለሞች አንድ ይመስሉ ነበር። የጋሽ አሁን ሥራ ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ዕቃው ከግቢያቸው የሚወጣው ሲመሽ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ስለ ሌላ ያልደረሰ ሥራ እንዳይጠየቁ ደንበኞቻቸውን መንገድ ቀይረው ነው የሚያልፏቸው። ስለዚህ የገዛ ወንበራቸውን በፀሐይ አይተውት አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ ቤት ሄዱ።

«ወንበሮቹን ልውሰድና ቀለማቸውን ላስተካክልልዎት። በነጻ ነው።»

«መቼ ይመልሷቸዋል?»

«አሁን።»

መምህርቷ በሩን ጠበብ አደረጉት። «ይቅርብኝ ጋሼ። በስተርጅና ቆሜ ልብላ?»

ቁም ሳጥን የሠሩላቸው ባልና ሚስት ደግሞ ልብሳችንን ምን ላይ እንሰቅለዋለን ብለው መለሷቸው። ጋሽ አሁን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በር ላይ ቆሙ።

«ሰው ዕቃውን አምኖ አይሰጥህም» አሉ ባለቤታቸው ከልብስ ስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። «መሣሪያህን ይዘህ አንተው ሂድላቸው።»

ሄዱ። መምህርቷ በረንዳ ላይ ፀሐይ ለፀሐይ ወንበሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ቀለም ቀቡ፣ ቫርኒሽ አደረጉ። መምህርቷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ጋሽ አሁን ወሬ ለመጀመር እጃቸውን ባሳረፉ ቁጥር መምህርቷ ከመነጽራቸው በላይ ያዩዋቸዋል፤ ብሩሹ ወዲያው ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ ሥራው በዕለቱ አለቀ። ራሳቸው ጋሽ አሁንም ማመን አቃታቸው።

መምህርቷ ወንበሮቹን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ያምራሉ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ቀዩ እግር ግን ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ጋሽ አሁን ተመስግነው ይሁን ተወቅሰው ሳይገባቸው ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ሲደርሱ የልብስ ስፌት መኪናው ከሳሎን ወጥቶ፣ ከቶርኖው አጠገብ፣ አዲስ ከተጨመረው መብራት ሥር ተተክሏል። ሰጋቱራው ተጠርጓል፤ በሁለቱ መሃል መጋረጃ ተጋርዷል። ባለቤታቸው ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር እየሰፉ ነው።

«እዚህ ክሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል» አሉ።

«ቶርኖው ይጮህብሻል።»

«ግድ የለም። አንተም ትታየኛለህ።»

ጋሽ አሁን መሣሪያቸውን ይዘው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጥላ ወዳለው ግማሽ ዞሩ። ለሚስታቸው ወንድም ራሳቸው ደወሉ፤ በሳምንቱ መጥቶ በእሳቸውም በኩል አንድ መብራት ጨመረላቸው።