የእትዬ ጥሩነሽ ዘር

ነገሩ የሆነው በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ላስታ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ይኸው ሸምግዬም ቂጣ ስቆርስ ትዝ ይለኛል።

እኔና ጓደኛዬ ታደሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። ከአሸተን ማርያም በታች ያለች መንደር ተመደብንና እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቤት አረፍን። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው መሬት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። መሬት ሲደለደል የእሳቸውን ድርሻ በገመድ የለካሁት እኔ ነኝ። አፈሩን ዘግነው ሳሙት። እኔም ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከላሊበላ የሚላክልን ስንቅ፣ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ቀረ። እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት ማታ የገብስ ቂጣ ያቀርቡልናል።

«እርስዎስ?» ስንላቸው፣

«እኔማ ቀድሜ ቀምሻለሁ፤ ብሉ በሞቴ» ይላሉ።

እኛም እንበላለን። የሃያ ዓመት ሆድ ምን ያውቃል? እንዲያውም አንድ እሑድ ገበሬውን ሰብስቤ «ዘር መብላት ኋላ ቀርነት ነው» ብዬ ንግግር አድርጌያለሁ። እሳቸው ከሴቶቹ መሀል ቁጭ ብለው ያዳምጡኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የሚዘራበት ቀን ደረሰና ጎረቤቱ በሬውን ይዞ ለደቦ ማሳቸው ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ጥሩነሽ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ዘሩን አይጥ ጨረሰብኝ» አሉ።

ጎረቤታቸው አያ ሞላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ስትበሉት የከረማችሁት ገብስ ከየት የመጣ መሰላችሁ?» አሉኝ።

«ተው አያ ሞላ፤ እንግዶቼን አታሳፍርብኝ» ብለው እትዬ ጥሩነሽ ተቆጧቸው።

በዚያ አገር ለእንግዳ የለኝም አይባልም። ይህን አላወቅኩም ማለት አልችልም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ጎታውን ገለጥ አድርጌ አላየሁም።

በማግስቱ ከታደሰ ጋር ላሊበላ ወርደን ዘር ለመንን። «በቅጽ ጠይቁ» ተባልን። ቅጹን ሞልተን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ የመዝሪያው ጊዜ አለፈ። ጎረቤትም ካለፈው ድርቅ የተረፈችውን ቆጥቦ የያዘ ነው፤ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ቢዋጣ ከማሳው ጥግ አላለፈም። የቀረውን አረም ወረሰው።

እኛ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርን። በኋላ አያ ሞላን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። እትዬ ጥሩነሽ ቤታቸውን ዘግተው ለልመና ወደ ወልድያ መውረዳቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ልጆቼ ስለ ዘመቻው ሲጠይቁኝ ፊደል አስቆጠርን፣ መሬት አከፋፈልን እላቸዋለሁ። መሬት ለክቼ የሰጠኋቸውን ሴት፣ ዘራቸውን በልቼ ለልመና እንደዳረግኳቸው ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።