ግቢው ውስጥ የተቀመጥነው ልቅሶ

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለ ማረሚያ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ በር ላይ የቆመው ዋርድያ ቦርሳዬን ፈትሾ ሲያበቃ፣ እዚህ እብድ የለም፣ ሁሉም አውቆ አበድ ነው አለኝ። እንግዲያውስ ሥራ አይበዛብኝም ብዬ ገባሁ። ጉድ ነው የጠበቀኝ።

የመጀመሪያው ታካሚዬ አያልነህ ነበር፤ የደብረ ኤልያስ ገበሬ፣ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የታሰረ። የእናቱን ሞት አንድ ጠያቂ ዘመዱ በአጥር ማዶ ጮኾ ነግሮት ሄደ። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ከዚያ ወዲህ አይናገር፣ እህል አይቀምስ። ክኒኑን ምላሱ ሥር ይዞ ይተፋዋል። አዛዡ ኮማንደር ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊልከው ቆርጧል። በዚያ አቅሙ መንገዱን የሚችለው አልመሰለኝም፤ ፈራሁ።

እናቱን አላለቀሳትምና ግቢው ውስጥ ልቅሶ እንድንቀመጥለት ይፈቀድልን ብል ኮማንደሩ ይህ ማረሚያ ቤት ነው አለኝ። እሱም የዚሁ አገር፣ የይጁቤ ልጅ ነውና የገዛ እናቱን ልቅሶ ማን ማን እንደደረሰለት ጠየቅሁት። ጎረቤቱን፣ ዕድርተኛውን ሲቆጥር ቆይቶ መሃል ላይ ነቃብኝ።

«ሲስተር፣ አንቺ ተንኮለኛ ነሽ» አለና እስከ ምሳ ፈቀደ።

ሙሾ አውራጃችን ጋሽ ይስማው ሆነ። በከብት ሌብነት የገባ ነው፤ ሐዘንተኛውን አስለቅሶ ሲያበቃ በሬውን ነድቶ ይሄዳል ብለው ያሙታል። እስረኛው መሬት ላይ ተቀመጠ። አያልነህ መሃል ላይ እንደ ግንድ ተገትሯል።

ይስማው ሟቿን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ይኼ ግን አላገደውም፤ መልኳን አወደሰ፣ ደግነቷን አወደሰ። ዋርድያዎቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ የጠላዋን ጣዕም ሲያወድስ አያልነህ ቀና አለ።

«ኧረ ተው ጋሽ ይስማው፤ የእናቴ ጠላ ይጎመዝዝ ነበር።»

አንዱ ከኋላ ሳቁ አመለጠው። አያልነህም ሊስቅ ሲል ልቅሶው ቀደመው።

«እየጎመዘዘንም እንጠጣላት ነበር» እያለ ደረቱን መታ። እኔም አለቀስሁ፤ ነጩን ጋውኔን መሐረብ አደረግሁት።

እስከ ምሳ የተባለው እስከ ማታ ሄደ፤ ኮማንደሩም ከእኛው ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር የሚያስነሳን አልተገኘም። አያልነህ ንፍሮ ቀመሰ። በማግስቱ ክኒኑን ዋጠ፤ አዲስ አበባ መሄዱም ቀረ።

እናንተ አዲስ ሥራ የገባችሁ ነርሶች፣ ዝም ያለ እስረኛ ሲያመጡላችሁ ማን እንደሞተበትና አልቅሶለት እንደሆነ ጠይቁት። ልቅሶው ያልወጣለት ሰው ክኒን አይውጥም።