ሚስባህ የሠራው የእጅ ፍሬን

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የማያስታውስ ሰው የድሮዋን ኮምቦልቻ አውቃታለሁ ቢለኝ አላምነውም። ያን ጊዜ የደሴን ቁልቁለት የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ከተማው መግቢያ ሲደርሱ ጎማቸው ይጨስ ነበር። ሽታው እንደ ተለበለበ ቀንድ አፍንጫ ይሰነፍጣል። መኪናው ቆም ሲል ከኋላ አንድ ቀጭን ረዳት ዱብ ይልና ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ያ ቀጭን ረዳት ሚስባህ ነበር። ከእኔ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እኔ ደብተር ይዤ ስመላለስ እሱ እንጀራውን ይፈልግ ነበር።

የኩታበር ገበሬ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በረዳትነት ከሠራ በኋላ መካኒክ ሆነ፤ ኮምቦልቻ ላይም ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። እኔ አስተማሪነቱን በጡረታ ከተውኩ ወዲህ ውሎዬ እዚያ ነው። ሚስባህ በዓለም ላይ የሚጠላው ነገር ቢኖር ከጎማ ሥር የሚደረግ ድንጋይ ነው። በረዳትነቱ ዘመን ሾፌሩ «ቶሎ በል!» ሲለው ሳያነሣ በተወው ድንጋይ አንድ ባለሞተር ወድቆ ትከሻው ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ካየ ወርዶ ሳያነሣ አያልፍም።

አንድ ልማድም ነበረው። የአንድን መኪና ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስ ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ዳገት ላይ ያቆመዋል። ከዚያ በርጩማውን ከኋላ ጎማው ሥር ያስጠጋና ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ሻዩ ሳያልቅ ባለቤቱ መኪናውን አይወስድም።

ቢልቂስ ደሴ ነው የምትኖረው። አያቷ ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አባቷ አብዱልሐሚድ ደግሞ የሚስባህ የልብ ወዳጅ ነበር። አብዱልሐሚድ ሲሞት አሮጌ ላንድሮቨሩን ለልጁ ተወላት። መንዳት ያስተማራት ሚስባህ ነው። በየሳምንቱ ኩታበር እየወጣች ከገበሬው ምስርና ባቄላ ትገዛለች። ሚስባህ ልጅ አልወለደም። «አላህ ከልክሎኝ አይደለም፤ ቢልቂስን አዘግይቶ ሰጥቶኛል» ይል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት መጣችና «አባ ሚስባህ፣ ይቺ መኪና አልቆም አለችኝ» አለችው። «የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆየ። ማርሽ አስገብቼ ብተዋትም ሞተሯ አርጅቶ ትንሸራተታለች። ኩታበር ገበያ ላይ ድንጋይ ስፈልግ ሰዉ ይስቅብኛል።»

«ምን እያለ?»

«‹የአብዱልሐሚድ ልጅ ምስሩን ትታ ድንጋይ መልቀም ጀመረች› ይላሉ።»

ሚስባህ ሳቀ። «የፋብሪካው ዕቃ ቢገኝ እንኳ ዋጋው ከመኪናዋ ይበልጣል። አብሽሪ፣ በርካሽ አበጅልሻለሁ።»

ከተጣለ መኪና ላይ አንዲት ትንሽ የዘይት መዝጊያ ቫልቭ ፈታ። የፍሬን ዘይት ወደ ኋላ ጎማዎች በሚያልፍበት ቱቦ መካከል አስገባትና እጀታዋን ከመሪው ሥር አወጣው። «ነገሩ ቀላል ነው፤ ፔዳሉን አጥብቀሽ ትረግጪያለሽ፣ እጀታውን ታዞሪያለሽ፣ ዘይቱ መመለሻ ያጣል፣ ጎማዎቹም እንደተያዙ ይቀራሉ። ልክ ቧንቧ እንደ መዝጋት ነው» አላት።

መኪናዋን ዳገቷ ላይ አቆማትና ከኋላዋ ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ሰውዬ፣ ብትወርድብህስ?» አልኩት።

«ብትወርድብኝማ መምህር፣ አንተ ቀብሬ ላይ ጥሩ አማርኛ ትናገራለህ!»

«ኧረ በአላህ አባ ሚስባህ፣ ይነሡ!» አለች ቢልቂስ።

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ተነሣና ቢልቂስ ከወንበሯ ሥር ይዛው የምትዞረውን ድንጋይ አውጥቶ ቦዩ ውስጥ ወረወረው። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ አያስፈልግሽም» አላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሚስባህ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ሀዚም፣ የቢልቂስ ታላቅ ወንድም ነበር። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ድምፁን ሰማሁት።

«መኪናዋ እናቴ ላይ ወረደችባት!»

የእነ ቢልቂስ እናት እትዬ ፋኢዛ እንደ ልማዳቸው የግቢውን በር ሲጠርጉ ኖሯል። መኪናዋ ከበሩ ከፍ ብላ እንደቆመች ድንገት ተንሸራታ ከብረቱ በር ጋር አጣበቀቻቸው። ሕይወታቸው ተርፏል፤ ጭናቸው ግን ተሰብሯል። ሚስባህ ስልኩን ከጆሮው ላይ ማውረድ አቃተው። እኔ ነኝ ወስጄ የዘጋሁለት።

በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ቆልፋው ይሆን?» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው።

ከቶሳ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ገና አልለቀቀም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የግቢው በር ተጨማዶ፣ አንድ የሴት ጫማ ጎማው አጠገብ ወድቆ አየን። ሰፈርተኛው ቆሟል።

«ረስታው ነው» አለ ሀዚም። «ትናንት ማታ ከኩታበር ደክሟት ገባች፣ ሳትቆልፍ ተወቻት። በገዛ እናቷ ላይ!»

ሚስባህ መኪናዋ ውስጥ ገባ። እኔ በመስኮቱ ተጠግቼ አየዋለሁ። እጁን ከመሪው ሥር ሰደደ፤ እጀታዋን ነካትና ክው ብሎ ቀረ።

እጀታዋ ተቆልፋለች።

ዕድሜ ልኬን ብዙ የደነገጠ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ወርዶ የኋላውን ጎማ ብረት ዳሰሰ። እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

«ገባኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከኩታበር ስትመጣ ፍሬኑ ግሎ ነበር፤ ዘይቱም አብጦ ነበር። እንደዚያው ቆለፈችው። ሌሊት ብርዱ ሲመታው ዘይቱ ኮሰሰ፤ ዘይቱ ሲኮስስ ጎማው ለቀቀ። እኔ የሞከርኩት ኮምቦልቻ፣ በቀትር ፀሐይ! ድንጋዩንም ያስጣልኳት እኔ ነኝ። ያ ረቢ!»

ተመልሶ ገብቶ እጁን እጀታዋ ላይ አሳረፈ። ሀዚም ከኋላችን «ረስታው ነው» ማለቱን አላቆመም። በሁለት ጣት ዞር ቢያደርጋት ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ቢልቂስ ረስታው ነው ተብሎ ይቀራል፣ ሚስባህም ልጁን አያጣም። አልዋሽም፣ እኔም በልቤ «አዙራት» ብዬዋለሁ። እሱ ግን እንዳለች ትቷት ወረደ።

ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ ፋኢዛ እግራቸው ታስሮ ተኝተዋል። ቢልቂስ ከግርጌ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ሚስባህን ስታይ ዘላ እጁን ያዘችው።

«አባ ሚስባህ፣ እኔ ነኝ እናቴን የሰበርኳት! ወላሂ ቆልፌዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ሰው ሁሉ ረስተሽ ነው ሲለኝ ግን… እንጃ፣ ረስቼው ይሆናል።»

«አልረሳሽም» አላት።

«እ?»

«ቆልፈሽዋል። አሁን በእጄ ነክቼው መጣሁ። የለቀቀው የእኔ ሥራ ነው። ብርድ ሲመታው እንደሚላላ አላወቅኩም።»

ቢልቂስ እጁን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«ብርዱን አላሰቡትም?»

«አላሰብኩትም።»

«ደሴ እንደምኖር ግን ያውቃሉ።»

ሚስባህ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። «አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

እትዬ ፋኢዛ ከትራሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። «ቀደር ነው ሚስባህ። አንተ ሰበብ ሆንክ እንጂ ጻፊው አላህ ነው። እኔ አፉ ብዬሃለሁ። ቢልቂስ፣ አፉ በይው እንጂ! ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ የአባትሽ ጓደኛ!»

በወሎ ትልቅ ሰው ኮፍያውን አውልቆ አፉ በይኝ ሲል ቆሞ እንዲጠብቅ አይደረግም፤ ወዲያው አፉ ይባላል። እኔም ሚስባህም የምትለውን ጠበቅን።

ቢልቂስ ተነሣች። የእናቷን ብርድ ልብስ እስከ ጣቶቻቸው ድረስ ሳበችና በደንብ አለበሰቻቸው። የመድኃኒቱን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ሚስባህ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር መንገድ እንዲሆናት ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ቀና ብላ ሳታየው፣ ደህና ዋሉም ሳትል፣ በአጠገቡ አልፋ ወጣች።