ዓይኔን ይዤ ተሰደድኩ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ በሌሊት ነው፤ ለቅሶውም ሽኝቱም ለጨለማ ይመቻል። እኔ ግን ከአስኮ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ላይ በተሰጣበት ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ የማታ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው ቀድሜ የወጣሁት፣ ይዩኝ ብዬ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ እየሸፈኑ ወደ ውስጥ ጎተቷቸው። አንዷማ ነጠላ ስላልለበሰች ልጇን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ታናሽ እህቴ ሰናይት ሻንጣዬን ተሸክማ ከኋላዬ፣ «ቀና ብለሽ አትዪ፣ በናትሽ!» ትለኛለች። ቀና ብዬ አየኋቸው። አንድ በአንድ።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሹሩባ ሠሪ ነበርኩ። እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚያው ስሠራ፣ ከሳንሱሲ ድረስ እየመጡ ወረፋ ይይዙልኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ባለቤታቸው ጋሽ ይልማ (ጋሽ የምለው ከልማድ ነው) «ቆጣሪ ልይ» ብለው ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት። እጃቸውን ነክሼ ጮህኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ ባላቸውን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ያዩት እኔን ነው።

በሳምንቱ የልጅ ልጃቸውን ተቅማጥ ያዘው። ውሃ ከጠፋ አሥር ቀን ሆኖት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ የእሳቸው ብቻ በእኔ ዓይን ታመመ። «ድሮም አባቷ ሸማኔ ነው» አሉ፣ የለበሱትን ነጠላ አባቴ እንደሠራው ረስተው። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን ልጁን ጠበል ወሰደችው፣ ጴንጤዋ እጇን ጭና ጸለየችለት። በዕድሜያቸው በአንድ ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሴቶች በእኔ ቡዳነት ተስማሙ። እርቅ ያወረድኩ ሰው ነኝ እኮ! ደንበኞቼም ቀሩ። ፀጉሯን ለቡዳ የምትሰጥ ማን አለች?

ቤሩት ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ከዚያ በቱርክ በኩል በላስቲክ ጀልባ ወደ ግሪክ ተሻገርኩ። ጀልባው ውሃ ሲያስገባ አጠገቤ የነበረች ሶሪያዊት ሕፃኗን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋልኝ ውሃውን እየቀዳች ወደ ውጭ መድፋት ጀመረች። ዳርቻው እስኪታይ ድረስ ፊት ፊቱን እያየሁት ሄድን። አልታመመም። እንዲያውም ተኛ።

ያረፍንበት ደሴት ላይ የጥገኝነት ጉዳዬን የያዘው ሰውዬ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ከማን ነው የሸሸሽው? ከመንግሥት?»

«ከጎረቤት።»

«ምን አድርገሽ?»

«አይቼ።»

አስተርጓሚው ሁለቴ አስደገመኝ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይሄ አውሮፓ ነው። በዓይን ሰው ይታመማል የሚባል ነገር ሕጋችን አያውቅም።» ይህን ሲል የእጁ አንጓ ላይ ሰማያዊ የዓይን ቅርጽ ያለው ዶቃ ታስሯል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ» አለና እጅጌውን ጎተተው።

ማመልከቻዬ ላይ «የግል ጠብ» ብሎ ጻፈበትና ውድቅ አደረገው። ይግባኝ ብዬ፣ እስከዛሬ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ወረቀት ይዤ እኖራለሁ።

አሁን አቴንስ ኪርያ ሶፊያ የሚባሉ ባልቴት አስታምማለሁ። ኪርያ ማለት እንደኛ እትዬ ነው። ብርዳቸው ከአስኮ ሐምሌ አይብስም፤ ምግባቸው ግን ያው ሎሚና ዘይት ነው። ሚጥሚጣ ያቀመስኳቸው ቀን ለሐኪማቸው ሊደውሉ ነበር። በራቸው ላይ የነሐስ የሴት ራስ ተሰቅሏል፤ ፀጉሯ እባብ ነው። ማን እንደሆነች ጠየቅኋቸው።

«ሜዱሳ ናት፤ ጭራቅ። ዓይኗን ያየ ሁሉ ድንጋይ ይሆን ነበር።»

«ስትወለድ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯማ አይነገርም። የባሕሩ አምላክ፣ አቴና በምትባል ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት። አቴና ተቆጣችና ፀጉሩን እባብ አደረገችው።»

«የማንን? የእሱን?»

«የእሷን ነዋ!»

«እሱስ?»

«እሱማ አምላክ ነው።»

እትዬ አስካለ ለካ እዚህም ቀድመውኝ ደርሰዋል!

«በኋላ አንድ ጀግና ሄዶ በተኛችበት አንገቷን ቆረጠ» አሉ።

«እኛ ሰፈር የተኛች ሴት ላይ ሰይፍ የሚመዝ ጀግና አይባልም። ፖሊስ ነው የሚጠራለት» አልኳቸው።

እግራቸውን እያሸሁ ታሪኩን እንደገና እኔ ተረኩላቸው። ሴትዮዋ ማንንም ፍለጋ አልሄደችም። ሰው እንዳትጎዳ ብላ የምድር ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት እባቦቿን ትፈታታለች፤ ሲነክሷት ትችላለች፤ የሚሠራላት ሰው የለም። ስሟን ሰምተው ሰይፍ እየመዘዙ የመጡባት እነሱ ናቸው። ደጇ ላይ የተገተረው ድንጋይ ሁሉ ሊገድላት የመጣ ነው። አንዱ እንኳ ደጅ ቆሞ «እንደምን ዋልሽ» ያላት የለም።

ኪርያ ሶፊያ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ።

«ታዲያ በርዎ ላይ ለምን ሰቀሏት?» አልኳቸው።

«ክፉ ዓይን እንዳይገባ። ትጠብቀናለች።»

«አንገቷን ቆርጣችሁ ዘበኛ አደረጋችኋት!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ወር ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። የክርስትናው ቀን በቪዲዮ ደወልኩ። እልልታው ይሰማኛል፤ የሚታየኝ ግን ጣሪያ ነው።

«ሰንዬ፣ እስቲ ልጁን አሳዪኝ።»

«ካሜራው ተበላሽቷል፣ እታለም።»

«ጣሪያው እኮ ይታየኛል።»

«እ... ተኝቷል።»

ልጁ ከጎኗ እያለቀሰ ነው። «ሸፍኚው!» የሚል የአማቷ ድምፅ መጣ። ለእትዬ አስካለ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ አለኝ፤ ለእህቴ የሚሆን ግን አንድም አጣሁ።

«እሺ፣ እኔም ስልኩን ደፋሁት፤ አላይም» አልኳት። «ወደ አፉ አስጠጊልኝ ብቻ።»

አስጠጋችልኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ እንደተደፋ ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩት።

«ይሰማሻል? እንዴት ነው?» አለች ሰናይት።

ቆንጆ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዋጥኩት።

«ይሰማል» አልኳት።