የበላችውን የምትተፋ ዘንዶ

ኤሊዬሴር ኪሴኖ በሞንቴፍሪዮ አደባባይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅባት ሸጠ። ቅባቱ ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለጆሮ፣ ለሆድ ቁርጠትና ሚስቱ ላኮረፈችው ባል ነበር። የሚሠራው በእህቱ በሮስሚራ ጓዳ ውስጥ ነው። ሰው የሚመጣው ወሬውን ሊሰማ ነበር፤ ወሬውን እስከ መጨረሻው የሚታገሠው ደግሞ ዘንዶዋን ለማየት ነበር።

አሠራሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አደባባዩ ላይ በኖራ ክብ ያሰምራል። መሀሉ ላይ ሻንጣውን ያስቀምጣል። ክቡን የረገጠ ሰው ላይ ዘንዶዋ ትዘልበታለች ይላል። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራል። በየመሀሉ ሻንጣውን ገርበብ ያደርግና «ቆይ እመቤቴ፣ ተራሽ አልደረሰም» ብሎ መልሶ ይከድነዋል። ዘንዶዋ የምትወጣው ቅባቱ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ያቺ ዘንዶ ሴራፊና ትባል ነበር። ከሻንጣው ስትወጣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካልሆነ አይሸከማትም። ሙያውን ያስተማረው ሰው ሲያረጅ ከሻንጣው ጋር አስረከበው። በዚህ ሙያ ዘንዶ የሚገኘው እንደዚያ ነው፤ አድጎ፣ ሰው ለምዶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ወደ አንድ ጎልማሳ። ዘንዶ ከግልገልነቱ ያሳደገ ሰው ኤሊዬሴር አያውቅም።

ሴራፊና በመጋቢት ሞተች። አርጅታ ነበር።

ኤሊዬሴር በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቁልቁል ተጉዞ ማግዳሌና ወንዝ ዳር ደረሰ። እዚያ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ዓሣ አጥማጁ ያለው አንዲት ግልገል ዘንዶ ብቻ ነበር፤ ርዝመቷ ሦስት ስንዝር፣ ውፍረቷ እንደ አውራ ጣት።

«ትልቅ የለህም?»

«ትልቅ ያየ ሰው በገጀራ ነው የሚላት። ይቺም ታድጋለች።»

«መቼ?»

«ከበላች።»

በሻንጣው ይዟት ወደ ተራራው ወጣ። የእኛ ከተማ በበጋም ሰው ሩዋናውን ከትከሻው አያወርድም፤ ሩዋና ብርድ ልብስ ነው፣ መሀሉ ላይ ለአንገት ቀዳዳ ያለው። ኤሊዬሴር ግልገሏን ሴራፊና ትተኛበት በነበረው ሻንጣ፣ ከቅባት ጣሳዎቹ ጋር፣ አልጋው ሥር አስቀመጣት።

ዓርብ ዕለት ሮስሚራ በበቆሎ ማከማቻው ወጥመድ ውስጥ አይጥ አገኘች። ኤሊዬሴር በጭራዋ ይዞ ሻንጣው ውስጥ አወረዳት። ግልገሏ ዘንዶ ተወረወረችባት፣ ተጠመጠመችባት፣ ትንሽ ቆይታ ዋጠች።

«ዋጠች! ሮስሚራ፣ ዋጠች!»

«ሰማሁ። ጎረቤቱም ሰምቷል።»

እሑድ አደባባይ ይዟት ወጣ። ክቡን አሰመረ፣ አወራ፣ ሻንጣውን ገርበብ አድርጎ ከደነ። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሄደለት። መጨረሻ ላይ ግልገሏን አውጥቶ ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት።

ሕዝቡ ለማየት ተንጠራራ። ከዚያ ሥጋ ሻጩ ሄናሮ ከኋላ ጮኸ።

«ዶን ኤሊዬሴር፣ ይቺ የዘንዶዋ የጫማ ማሰሪያ ናት?»

ሳቁ አደባባዩን ሞላው። ኤሊዬሴር ግን የተረበ ሁሉ የሚያስደነግጠው ሰው አይደለም።

«ልጅ ናት! እናንተም ልጆች ነበራችሁ። በሬ ሆኖ የተወለደ ሄናሮ ብቻ ነው!»

ሳቁ ወደ ሄናሮ ዞረ። ያኔ ነው ግልገሏ አንገቷን አስግጋ አፏን የከፈተችው። አይጧ ርሳ፣ ጠጉሯ ተመልጦ፣ ክንዱ ላይ ወደቀች። ሽታዋ ከፊት የቆሙትን ወደ ኋላ መለሳቸው።

አንዲት አሮጊት በጣም በትሕትና ጠየቁ። «ዶን ኤሊዬሴር፣ ቅባቱ ለሆድም ነው አላሉም?»

ያን ዕለት የተሸጠው ሁለት ጣሳ ነው።

ማክሰኞ ሌላ አይጥ ሰጣት። የጎደለውን ለማካካስ ብሎ ከፊተኛዋ የምትተልቅ መረጠ። በላች። ሐሙስ ተፋቻት። ቅዳሜ የእንቁላል አስኳል በጠብታ ሞከረ፤ አፏን አልከፈተችም። አንዱ የትምባሆ ጢስ እፍ በልባት አለው፣ እፍ አለባት። ሌላው ወተት አለው፤ ወተቱ ውስጥ ተኛችበት። ቅባቱን ለሰው ይሸጣል እንጂ ራሱ አያምንበትም የሚሉ በከተማው ነበሩ። እነሱ በዚያ ሰሞን ቤቱ ገብተው አላዩትም፤ ሆዷን በጣቱ ጫፍ፣ ጠዋትና ማታ፣ በቅባቱ ያሻት ነበር። ግልገሏ ግን ከክሳት ጀርባዋ እንደ ጣሪያ ሾለ።

ዶክተር ኢሳዛ የላም ሐኪም ነው። ረቡዕ ረቡዕ የወተት ላሞችን ለማየት ይመጣል። ኤሊዬሴር በሩ ላይ ጠብቆ ያዘውና አስገባው። ሐኪሙ ሻንጣውን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ።

«ይህ ምንድነው የሚሸተው?»

«ካምፎር ነው፣ የቅባቱ ሽታ። ለደረት ጥሩ ነው።»

«እርስዎ እዚህ ውስጥ ተከድነው ቢያድሩ እራት ይበላልዎታል?»

ሐኪሙ ግልገሏን አልነካትም። ጎንበስ ብሎ አያት። የሚሞቅ ሣጥን፣ የምትሸሸግበት ጥግ፣ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋታል አለ። ሁለት ሳምንት ምንም ምግብ የለም። ከዚያ ዓይኗን ያልገለጠች፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ የአይጥ ግልገል። ከዚያ አሥር ቀን ማንም እጁን አያስገባም።

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም።»

«ዶክተር፣ እባክዎ፣ አንድ ነገርማ ይስጧት።»

«ስለ ላም ቢጠይቁኝ ሦስት መርፌ እወጋልዎ ነበር። ለዚች የምሰጠው የለኝም። ይተዋት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትድን ወይ እስክትሞት።»

ሣጥኑ የሳሙና ሣጥን ነው። ሮስሚራ የኮሪደሩን አምፖል ነቅላ ሰጠችው። «እኔ በዳበሳ እሄዳለሁ፣ እመቤቲቱ ትሙቃት» አለች። አምፖሉን ግልገሏ እንዳትነካው በሽቦ ወንፊት አጠሩት። የተሰበረ ገንቦ ገልብጠው ዋሻ አደረጉላት። ኤሊዬሴር ክዳኑን በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ከፈተው። በሁለተኛው ቀን ሮስሚራ ክዳኑን በሚስማር መታችው፤ ለውሃው ብቻ አንድ ቀዳዳ ተወች።

«መዶሻው ትራሴ ሥር ነው» አለችው። «ሞክርና እይ።»

በርጩማ አምጥቶ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያወራ የኖረ ሰው በቀዳዳ እያየ ዋለ። አንዳንዴ የምላሷ ጫፍ ትታየዋለች። አንዳንዴ ገንቦው ብቻ።

እሑድ ባዶ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ዘንዶ ያለበትን ሻንጣና የሌለበትን ማን ይለያል ብሎ ነው። ክቡን አሰመረ። «ቆይ እመቤቴ» አለ። ማንም አልሳቀም።

«የጫማ ማሰሪያዋን አውጣት!» አለ ሄናሮ።

«ተራዋ ሲደርስ!»

«አይጧን እስክትተፋ ነው እንዴ የምትጠብቀው?»

ያኔ አንድ ገበሬ ድንች በጆንያ ተሸክሞ ከላይኛው መንገድ መጣ። ጭነቱ አንገቱን ስለደፋው ፊት ለፊቱን አያይም። የኖራውን ክብ በአንድ በኩል ገባ፣ በሻንጣው አጠገብ አለፈ፣ በሌላው ወጣ። ኖራው በጫማው ተጎተተ። ከሻንጣው የዘለለበት ነገር የለም። ሰው በየፊናው ተበተነ።

ኤሊዬሴር ቤቱ ገብቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሮስሚራ የበቆሎ ቂጣና ትኩስ የሸንኮራ ውሃ አመጣችለት። ቂጣውን አልነካውም።

«አንተም ጀመርክ?» አለችው። «ሁለት የማይበላ አልቀልብም።»

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ሮስሚራ ሚስማሩን ነቀለች። የአይጥ ግልገሏን በማንኪያ አቀረቡላት። ዘንዶዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አላየቻትም። ከዚያ ወጣች፣ አሸተተች፣ ዋጠች። ኤሊዬሴር በዚህ ጊዜ አልጮኸም። ክዳኑን ራሱ ዘጋው።

በአምስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ የመብራት ምሰሶ ጣለ። የከተማው መብራት ሁሉ ጠፋ። አምፖሉ ቀዘቀዘ። ኤሊዬሴር ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ አስገባ፤ ጠርሙሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ሣጥኑን ወደ ምድጃው ለመሳብ ሲሞክር ገንቦው ተንገጫገጨ። ተወው።

«ላወጣት ነው።»

«ሐኪሙ አትንካት ብሏል» አለች ሮስሚራ።

«ሐኪሙ መብራት እንደሚጠፋ አልነገረኝም።»

«ከነካሃት ትተፋለች።»

«ካልነካኋትስ?»

ሮስሚራ የዱቄት ከረጢት አጥባ ምድጃው ላይ አድርቃ ሰጠችው። ኤሊዬሴር ግልገሏን ከረጢቱ ውስጥ አንሸራተታት፣ ከረጢቱን በሆዱና በሸሚዙ መሀል አስገባ፣ ሩዋናውን ከላይ ጣለና ምድጃው ፊት ተቀመጠ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቀትር ከዚያ ወንበር የተነሣው ለሽንት ብቻ ነው። ተቀምጦ አንቀላፋ። ተቀምጦ ሾርባ ጠጣ። ሲያስነጥሰው አፍንጫውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይይዛል።

ረቡዕ የዓመቱ ትልቁ የከብት ገበያ ነበር። ከየመንደሩ ሰው ወጥቷል፤ ሌላ ጊዜ ኤሊዬሴር የዓመቱን ግማሽ የሚሸጠው ያን ቀን ነው። ሄናሮ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«አደባባዩ ሙሉ ነው፣ አንተ እዚህ... ወለድክ እንዴ?»

ኤሊዬሴር ሩዋናውን ወደ ሆዱ ሰበሰበ።

«ታመሃል?»

«ድምፅህን ቀንስ» አለ፣ በሹክሹክታ።

ሄናሮ ሌላ ተረብ ያለው ይመስል አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋውና ሄደ። ከቀትር በኋላ በሰው እጅ አንድ ቁራጭ ጉበት ላከ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም።

ሐሙስ መብራት መጣ። ወደ ሣጥኗ መለሷት። ሮስሚራ ሚስማሩን መታች። በአሥረኛው ቀን ክዳኑ ሲነሳ ጥጉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር፣ አጠገቡ እንደ ኖራ የነጣ ፍርፋሪ ነበር።

«ሮስሚራ! ነይ እይ!»

«ኩስ ነው።»

«አዎ፣ ኩስ ነው!»

የበላችው ሳይመለስ አልፏል ማለት ነው። ከተማው በግማሽ ሰዓት ሰማ። ረቡዕ ዶክተር ኢሳዛ ሲመጣ ኤሊዬሴር መንገድ ላይ ጠበቀው።

«ሙቀቱ ነው ያዳናት? ወይስ ካምፎሩን መተዋችን? አይጧ ትንሽ መሆኗ ነው? ሆዴ ላይ መዋሏ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሐኪም አይደሉ እንዴ?»

«አንዱ ይሆናል። ሁሉም ይሆናል። ምናልባት አንዱም አይደለም።»

ኤሊዬሴር ይህን መልስ ይዞ ገባ። ቅባት እንደዚያ ተብሎ አይሸጥም።

ሐኪሙ ከሄደ በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ኑቢያ የምትባል የላይኛው ተራራ ሴት ነበረች። ከሩዋናዋ ሥር የስድስት ወር ሕፃን አወጣች። ዓይኖቹ ገብተዋል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አያለቅስም።

«ከታመመ አራት ቀኑ ነው። ጡቴን ይጠባል፣ ይተፋል። ለዘንዶዋ የሰጡትን ይስጡኝ።»

«ምንም አልሰጠኋትም፣ ልጄ።»

«ገበያ ላይ ሰው ሁሉ አወራ። ትተፋ ነበር፣ አሁን አትተፋም።»

«እውነት ነው። ግን ምንም አልሰጠኋትም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው። አሁኑኑ። ከቤተ ክርስቲያኑ በግራ በኩል።»

«እዚያ ሰልፍ ነው። ሰው ወደ እርስዎ ነው የላከኝ።» ከትከሻው በላይ አሻግራ ወደ መደርደሪያው አየች። «ያ ምንድነው?»

«ሞራ ነው» አለ። «የላም ሞራና ካምፎር።»

«ኤሊዬሴር!» አለች ሮስሚራ ከጓዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ያ ቃል ለውጭ ሰው ተነግሮ አያውቅም።

ሴትዮዋ ሕፃኑን መልሳ ሸፈነችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቴ ከእርስዎ ገዝታለች። አክስቴ ገዝታለች። ለሁሉም መድኃኒት ነበር። ለእኔ ሲሆን ሞራ ሆነ። ድሃ ስለሆንኩ ነው አይደል?»

«እንደሱ አይደለም—»

«ገብቶኛል።»

ወጣች። ኤሊዬሴር በሩ ላይ ቆሞ አያት። ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ደረሰች። በግራ ጤና ጣቢያው ነው። በቀኝ ገበያው ነው፤ እዚያ ቅጠልና ዱቄት የሚሸጡ ሌሎች ሦስት አሉ፣ ሦስቱም ለሆድ የሚሆን አያጡም። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ኮፍያውን ሳያነሳ ወጣ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁልቁለቱን ሲሮጥ ያየው የለም። መጀመሪያው ሻጭ ዘንድ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ደረሰባት። ስታየው ቆመች። ከመሀረቧ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈታች።

«ይኸው» አለች። «መጀመሪያውኑ ዋጋውን ቢነግሩኝ ይህን ያህል ባልደከሙ።»

ትንፋሹ ስለተቆራረጠ መናገር አልቻለም። ክንዷን ይዞ ወደ መጣችበት አዞራት። አልተቃወመችም፤ መድኃኒቱ የተደበቀበት ቦታ ሊወስዳት መስሏታል። እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ዋጋ እየጨመረችለት ሄደች።